ጥፋተኛ የሌለው እድፍ

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት ሁሉ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ትንሽ ሳለች ድርቆሽ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ መሽናት ቶሎ ትለምዳለች። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ወር ሲሆናት ግን ድንገት ምንጣፉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ የባለቤቷ አልጋ ላይ፣ አንዳንዴም በባለቤቷ እግር ላይ ሽንቷን መርጨት ትጀምራለች። ይህን ጊዜ ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ሆን ብላ ነው» የሚለው ቃል ነው። ክሱም፣ ማስረጃውም፣ ፍርዱም በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ቅጣቱም ወዲያው ይከተላል። ጩኸት፣ ጥፊ፣ ቀኑን ሙሉ በጠባብ ሣጥን መዘጋት፣ በመጨረሻም ወደ እንስሳት መጠለያ መወሰድ ወይም ሜዳ ላይ መጣል ይመጣል። ለእኔ ይህ የቤት ጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሕግና ስለ በደል የምናምነውን የሚፈትን ጥያቄ ነው፤ ሕግን የማያውቅ ፍጥረት ሕግን ሊያፈርስ ይችላልን? አይችልም ብዬ አምናለሁ። ከዚህም አልፌ፣ በዚያ እድፍ ዙሪያ ተጠያቂ የሚባል ካለ የሚገኘው ዕውቀት ባለበት፣ ማለትም እንስሳዋን ወደ ቤቱ ባስገባው ሰው ዘንድ ነው እላለሁ።

ዛሬ በየቤቱ የሚታዩት ለማዳ ጥንቸሎች፣ መጠናቸውና ቀለማቸው የቱንም ያህል ቢለያይ፣ ሁሉም የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፤ መነሻቸው በአይቤሪያ ባሕረ ገብ መሬትና በደቡባዊ ፈረንሳይ ይኖር የነበረው የአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው። ይህ እንስሳ መሬት ምሶ፣ እርስ በርስ በሚገናኙ ጉድጓዶች ውስጥ በቡድን ይኖራል። በጉድጓዱ ጨለማ ውስጥ ዐይን ብዙም አያገለግልም፤ መንገድ የሚመራው፣ ዘመድን ከባዕድ የሚለየው አፍንጫ ነው። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዐይናቸው የተከደነ ነው። እናታቸው የምታጠባቸው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ጡቷን ፈልገው የሚያገኙት በጠረን ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2003 ከእናቲቱ ወተት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አሳውቀዋል። ጠረኑን ያላገኘ ግልገል ይራባል። እንግዲህ ጥንቸል በሕይወቷ የመጀመሪያውን ነገር የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው።

ጥንቸል በጠረኗ ስለምትተወው ምልክት ብዙ ያስተማረን በአውስትራሊያ የመንግሥት የሳይንስ ምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው ሮማን ሚኪቶቪች ነው። አውስትራሊያ ጥንቸልን የምታጠናበት በቂ ምክንያት ነበራት፤ በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት በቪክቶሪያ ለአደን ብሎ የለቀቃቸው ጥቂት ጥንቸሎች ተራብተው አገሩን አልብሰውት ነበርና። ሚኪቶቪች በአጥር በተከለሉ ሜዳዎች ጥንቸሎችን ሲከታተል፣ ከአገጫቸው ሥር ካለው ዕጢ፣ ከፊንጢጣቸው አጠገብ ካሉት ዕጢዎችና ከሽንታቸው የሚወጣው ጠረን ሥርዓት ያለው ነገር መሆኑን አሳየ። በቡድኑ ውስጥ የበላይ የሆኑት ወንዶች ከበታቾቻቸው ይልቅ አዘውትረው ምልክት ያደርጋሉ። ወንዱ እንስቷን ሲያባብል ሽንቱን ይረጭባታል። እናት የገዛ ልጇ የባዕድ ጠረን ከተቀባ ልታጠቃው ትችላለች። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላው ግኝቱ ነው፤ ሁለት ጥንቸሎች ሲገናኙ የራሱ ጠረን ባለበት ስፍራ ያለው ድፍረት ያገኛል፣ የባዕድ ጠረን ወዳለበት የገባው ይሸማቀቃል። ስለዚህ ምልክቱ ለሌላው የሚላክ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን ለተወው እንስሳም የልብ ማረፊያ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ የአልጋውን እድፍ እንደ ስድብ መቁጠር ያስቸግራል። የሰው አልጋ ከቤቱ ሁሉ ይልቅ የሌላ ፍጥረት ጠረን የጠለቀበት ስፍራ ነው። ጥንቸሏ እዚያ መርጨቷ እኛን ለማዋረድ ሳይሆን፣ በባዕድ ጠረን መካከል የራሷን ለማኖር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው የበለዓምን አህያ ያስታውሳል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 እንደተተረከው አህያዪቱ ከመንገድ ወጥታ እርሻ ውስጥ ገባች፣ ቀጥላም የጌታዋን እግር ከቅጥሩ ጋር አጣበቀች፣ በመጨረሻ ከበታቹ ተኛች፤ እሱም ሦስት ጊዜ መታት። በእሱ ዐይን ሦስቱም እምቢተኝነት ነበሩ። እሷ ግን ሰይፍ የመዘዘውን መልአክ አይታለች። ይህ ታሪክ ብዙ ትርጓሜ ያለው ነው፤ እኔ የምይዘው አንዱን ነው። በለዓምን ያሳሳተው ጭካኔው ብቻ አይደለም፤ እሱ የማያየውን እንስሳዪቱ ልታይ እንደምትችል አለመጠርጠሩ ነው። ኤስቶኒያ የተወለደው ጀርመናዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ያኮብ ፎን ኡክስኩል በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ አስረድቶታል፤ እያንዳንዱ እንስሳ በስሜት ሕዋሳቱ ልክ በተሠራ የራሱ ዓለም ውስጥ ይኖራል። የእሱ ታዋቂ ምሳሌ መዥገር ነው፤ ለመዥገር ግዙፉ ዓለም የቆዳ ጠረን፣ ሙቀትና ንክኪ ብቻ ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ የአንድ ሰው ሳሎን ለእኛ የዕቃና የቀለም ስፍራ ይሁን እንጂ ለጥንቸሏ የትናንቱ እንግዳ ጫማ፣ የጎረቤት ድመት፣ አዲሱ ሳሙና፣ ከመደብር የመጣው ሶፋ ሁሉ ገና ጠረናቸው ያልጠፋበት ስፍራ ነው። ባለቤቱ «ያለ ምንም ምክንያት ረጨችብኝ» ሲል፣ ምክንያቱን የሚያይበት የስሜት ሕዋስ እሱ ዘንድ የለም ማለት ብቻ ነው።

የፈሰሰ ሽንት ሁሉ ምልክት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጥንቸል ከምግቧ የምታገኘውን ካልሲየም ከሌሎች ብዙ እንስሳት በተለየ ሁኔታ በብዛት ወደ ደሟ ታስገባና ትርፉን በኩላሊቷ ታስወጣለች፤ ስለዚህ ሽንቷ በጤናዋም ቢሆን የደፈረሰ ነው፣ ከምትበላው ተክል የተነሣም ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል። ካልሲየሙ በፊኛዋ ውስጥ ሲዘቅጥ፣ የሽንት ቧንቧዋ ሲመረዝ ወይም በእርጅና መገጣጠሚያዋ ታሞ የሳጥኑን ጠርዝ መሻገር ሲያቅታት ከሳጥን ውጭ ትሸናለች። ምልክት የምታደርገው ጥቂት ጥቂት፣ በተመረጠ ስፍራ ትረጫለች፤ የታመመችው ስታምጥ ትታያለች፣ የኋላ እግሯ ጠጉርም ይርሳል። «ሆን ብላ ነው» የሚለው ፍርድ ከሚያመጣቸው ጉዳቶች ሁሉ የከፋው እዚህ ላይ ነው። በደል አየሁ ያለ ሰው የእንስሳት ሐኪም አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሚቀጣበትን ነገር ነው።

ከፈላስፎች መካከል ምልክትን በብርቱ የከሰሰው ፈረንሳዊው ሚሼል ሴር ነው። በ2008 ባሳተመው አጭር መጽሐፍ የሰው ልጅ የባለቤትነት መብት ከእንስሳት ሽንት የተለየ ምንጭ የለውም ይላል፤ አንድን ነገር የራስ ለማድረግ ማቆሸሽ በቂ ነው፣ ፋብሪካ ወንዝን ሲበክልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ኃይለኛ ነው፤ ስለ ፋብሪካው የተናገረውንም እቀበላለሁ። ጥንቸሏን ግን ከፋብሪካው ጋር በአንድ መዝገብ መክሰሱ ትክክል አይመስለኝም። የጠረን ምልክት ቶሎ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ያደረገው እንስሳ እየተመላለሰ ካላደሰው ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ምልክቱ የሚጸናው እንስሳዋ በዚያ ስፍራ በአካል እስካለች ድረስ ብቻ ነው። የሰው ባለቤትነት ግን ዋናው ጉልበቱ ባለቤቱ በሌለበትም መጽናቱ ነው፤ ርስቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ውጭ አገር ተቀምጦ የገበሬውን ምርት ሊካፈል ይችላል። ጥንቸል እንዲህ ያለ ነገር ልታስብ አትችልም። እሷ የምትለው በዚህ ስፍራ መኖሯን እንጂ ስፍራው ለዘላለም የእሷ መሆኑን አይደለም። ቀማኛ ለመባል ደግሞ የሌላውን መብት አውቆ መግፋት ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውሉም ሆነ የሶፋው ደረሰኝ በእሷ ዓለም ውስጥ የለም።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ከራሱ ከቅዱስ መጽሐፍ ይመጣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰው ወግቶ የገደለ በሬ በድንጋይ ይወገራል። እንስሳ ከበደል ነጻ ከሆነ ለምን ይቀጣል? የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህን ይዞ እጅግ ርቆ ሄዷል፤ በ1386 በፈረንሳይ ፋሌዝ ከተማ ሕፃን የገደለች አሳማ በፍርድ ቤት ተፈርዶባት ተሰቅላለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በኦተን አገር አይጦች ሰብል በልተዋል ተብለው ሲከሰሱ፣ ጠበቃቸው ባርቶሎሜ ሻስነ መንገዱ በድመት የተሞላ ስለሆነ ደንበኞቼ መቅረብ አይችሉም ብሎ ተከራክሯል። የጠበቃው ክርክር ቀላል ቢመስልም የነገሩን ልብ ይነካል፤ መጥሪያው ሊደርሰው የማይችል ፍጥረት እንዴት ባለመቅረቡ ይወቀሳል? ወደ ዘጸአቱ ሕግ ስንመለስም ቀጣዩን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። በሬው ከዚህ በፊት ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ባለቤቱም በሞት ይጠየቃል። ሕጉ በሬው ያወቀውን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባለቤቱ ያወቀውን ነው፤ በፍርዱ ላይ ለውጥ የሚያመጣውም ይህ ዕውቀት ብቻ ነው። በሬው የሚወገደው ደም ስላፈሰሰና አደገኛ ስለሆነ ነው፤ ተጠያቂነት በሚባለው ትርጉም የሚጠየቀው ሰውየው ነው።

ርኩሰትና በደልም አንድ አይደሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት መካከል ቆጥሯታል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምዕመናን ዘንድም ሥጋዋ እስከ ዛሬ አይበላም። ነገር ግን ኦሪት እንስሳዪቱን ኃጢአተኛ አላላትም፤ ለሰዎች የመብልና የንጽሕና ሥርዓት ሠራ እንጂ። ሽንት የነካው ምንጣፍ ቆሽሿል ማለት እውነት ነው፤ ከቆሻሻው ጀርባ በደለኛ አለ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ራሱን የቻለ ማስረጃ ይፈልጋል። በሐዲስ የታወቀው የባላገሩ ታሪክ ይህንን ልዩነት ከማውቃቸው ሁሉ አጥርቶ ያሳያል። አንድ የበረሃ ሰው መስጊድ ውስጥ ሲሸና ያዩት ሰዎች ሊነሡበት ሲሉ ነቢዩ ሙሐመድ እንዲተዉት አዘዙ፤ ሲጨርስም በስፍራው ላይ ውሃ እንዲፈስበት አደረጉ። ስፍራው ታጠበ፣ ሰውየውም ተማረ እንጂ አልተቀጣም። ሰው ሆኖ፣ መማር እየቻለ፣ የስፍራውን ክብር ስላላወቀ ብቻ ከቅጣት ከዳነ፣ ሊያውቀው ከቶ የማይችል ፍጥረት በምን ፍርድ ይመታል?

«ታዲያ ሳጥን መጠቀም ተምራ የለም? የተማረች ታውቃለች፤ የምታውቅም ትጠየቃለች» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ መማርን ከሕግ ማወቅ ጋር ያደባልቃል። ጥንቸል በተፈጥሮዋ መጸዳጃዋን በተወሰነ ስፍራ ታደርጋለች፤ ሳጥኑ የሠራው በዚያ ልማድ ላይ ተደግፎ ነው፣ በተለይም ድርቆሹ እዚያው ሲቀመጥላት። ይህን መልመዷ ትእዛዝ ተቀብላለች ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፒተር ስትሮሰን በ1962 ባቀረበው ጽሑፍ ቂምና ምስጋና በሰው መካከል የሚሠሩት አንዱ ለሌላው ያለውን ሐሳብ ስለሚገልጡ መሆኑን አስረድቷል፤ ድርጊቱ ለእኛ ያለን ንቀት ያልወለደው መሆኑ ሲገለጥ ቂሙ መሠረት ያጣል። የጥንቸሏ ሽንት ለእኛ ምንም ዓይነት ንቀት የያዘ አይደለም፤ ስለ ሶፋው ዋጋ የምታውቀው ነገር የለምና። በተግባርም ቢሆን ቅጣት ዓላማውን ያከሽፋል። ከድርጊቱ በኋላ የመጣን ጥፊ ከድርጊቱ ጋር አታያይዘውም፤ የምትማረው ሰውየውን መፍራት ነው። የፈራችና ስፍራዋን ያላመነች ጥንቸል ደግሞ ምልክት ማድረጓን ልትጨምር ትችላለች። የሚረዳው እድፉን ጠረኑ እስኪጠፋ በኮምጣጤ መጥረግ፣ ሳጥኑን የምትመርጠው ጥግ ላይ ማድረግ፣ ነጻ የምትሆንበትን ስፍራ ከጠባብ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስፋት ነው። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ወቀሳ የሚሠራ ነው።

በእኔ ክርክር ላይ ከሚነሡት ሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። እንስሳት ሐኪሞች ለሚረጩ ጥንቸሎች በመጀመሪያ የሚመክሩት ማኮላሸትና ማምከን ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ሆርሞኑ ሲቀንስ መርጨቱም በአብዛኞቹ ላይ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ታዲያ ምልክቱ የጥንቸሏ ንግግር ከሆነ፣ ይህ ምላስን መቁረጥ አይደለምን? በደል የለባትም ያልኩትን ፍጥረት በቢላዋ መቅጣትስ ከጥፊው በምን ይሻላል? ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፉ ሰዎች አያሳምኑኝም። ለእንስቷ ያለው መልስ ግልጽ ነው፤ ያልመከነች ጥንቸል ዕድሜዋ ከአራት ዓመት ሲያልፍ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ታይቷል። ለእሷ ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ ጤና ነው። ለወንዱ ግን የጤናው ጥቅም ይህን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ከሌላ መፈለግ አለብን። ወንድና ሴት ጥንቸል አብረው ቢኖሩ እርግዝናው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው፣ እናቲቱም እንደወለደች ወዲያው መልሳ ልትፀንስ ትችላለች፤ የሚወለዱትን ሁሉ የሚቀበል ቤት የለም። ሁለት ያልተኮላሹ ወንዶች አብረው ቢቀመጡ እስከ መቆራረጥ ይጣላሉ። የቀረው ብቸኝነት ነው፤ በቡድን ለመኖር ለተፈጠረ እንስሳ ደግሞ የዕድሜ ልክ ብቸኝነት ከቀዶ ሕክምናው የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር ይወሰድበታል፤ አልተወሰደበትም ማለት ሐሰት ነው። ቢላዋው የሚፈቀደው ለጥንቸሉ በሚያስገኘው ነገር ልክ ነው፤ ለምንጣፉ ሲባል ብቻ ከተደረገና እንስሳው ከዚያም በኋላ በዚያው ጠባብ ሣጥን ብቻውን ከተዘጋ፣ ድርጊቱ በመልኩ ሕክምና በፍሬው ቅጣት ነው። ያኮላሸው ሰው ጓደኛና የሚሮጥበት ስፍራ ለእንስሳው ዕዳ አለበት። ምልክትም ቢሆን ፈጽሞ አይጠፋም፤ ጥንቸሉ በአገጩ የወንበሩን እግር ማሻሸቱን በአብዛኛው ይቀጥላል፣ እኛ የማንሸተው ስለሆነም ማንም አይከሰውም። ይህ ራሱ ከመጀመሪያው ያስቆጣን የምልክቱ ሐሳብ ሳይሆን የእኛ አፍንጫ መሆኑን ያሳያል።

ሌላው ደግሞ «በደሏን ከሻርክ ፍቅሯንም ሻር፤ ጥፋት የማታውቅ መውደድንም አታውቅም» ይላል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ለመበደል ሕግን ማወቅና መጣስ ያስፈልጋል፤ ለመውደድ ግን አንዱን ፍጥረት ከሌላው ለይቶ ማወቅና ከእሱ ዘንድ መሆንን መምረጥ ይበቃል። ይህን ጥንቸል ስታደርግ ይታያል፤ ከምታምነው ሰው አጠገብ ትዘረጋለች፣ እጁን ትልሳለች። እንዲያውም ያልተኮላሸ ወንድ በባለቤቱ እግር ዙሪያ እየዞረ የሚረጨው ሽንት፣ እንስቷን በሚያባብልበት ሥርዓት የሚደረግ ነው። ሰውየው እንደ ውርደት የቆጠረው ነገር በእንስሳው ዘንድ መቅረብ ነበር።

በመጨረሻ፣ ሰው በሚራብበት ዓለም ስለ ጥንቸል ሽንት መከራከር ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በተለይ ከእኛ መካከል። ተቃውሞውን አከብረዋለሁ። ነገር ግን «ሆን ብላ ነው» የሚለው ፍርድ ጥንቸል ዘንድ ብቻ አይቆምም። ይኸው ቃል በየቤቱ አልጋው ላይ በሚሸና ሕፃን ላይ ይነገራል፤ ሕፃኑ በጠዋት በእኅት በወንድሞቹ ፊት ያፍራል፣ አንዳንዴም ይገረፋል። የሌሊት ሽንት ግን ከእንቅልፍ ጥልቀት፣ ከፊኛ እድገት፣ በሌሊት ሽንትን ከሚቀንሰው ሆርሞንና ከዘር የሚመጣ መሆኑን ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል፤ የተኛ ልጅ ፈቃድ የለውም። ይኸው ቃል ፊኛቸውን መቆጣጠር ባቃታቸው አረጋውያን ላይ በአስታማሚ አፍ ይነገራል። ሕፃኑንና አረጋዊውን ከጥንቸል ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ክብራቸው ከማንኛውም እንስሳ በላይ ነው። እኔ የማመሳስለው ፈራጁን ነው። እሱ በሦስቱም ፊት አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እርጥበቱን ያያል፣ ከእርጥበቱ ቀጥሎ ፈቃድን ይገምታል፣ በመካከል ያለውን ምክንያት ግን አይመረምርም። ጥንቸልን ለልጆቹ ሊገዛ ያሰበ አባት ወይም እናት ይህን ምርመራ ከመግዛቱ በፊት ማድረግ ይችላል፤ አምስተኛው ወር ሲደርስ ምን እንደሚሆን ዛሬ የታወቀ ነገር ነው፣ ለቀዶ ሕክምና የሚወጣውም ገንዘብ፣ የሚያስፈልገውም ስፍራ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይችላል። ጠይቆ አልችልም ያለ ሰው ጥንቸል ባይገዛ ማንንም አልበደለም፤ ሳይጠይቅ ገዝቶ በአምስተኛው ወር ሜዳ ላይ የጣላት ግን እንስሳዋን በድሏል።